ዝናብ ያላነሳው ወረቀት

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎስ ተሻለዎት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬ በስልክ እንደነገረችኝ ሰሞኑን ሐኪም አዞኛል ብለው ማለዳ ማለዳ በእግርዎ መሄድ ጀምረዋል። ከጫማ መስፊያ ወንበርዎ ንቅንቅ የማይሉት ሰውዬ! ደስ ብሎኛል።

ስለ ዘፈን መስማት እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ ከቤት የወጣሁትም በእሱ ተኳርፈን ነው። ይህችን ግን ይታገሱኝ።

ቅዳሜ የመጀመሪያ ዝግጅቴ ነበር። የአዳራሹ ባለቤት ስድሳ ሰው ካመጣሽ መድረኩ በየወሩ ያንቺ ነው፣ ካላመጣሽ ሌላ ቦታ ሞክሪ ብሎኝ ነበር። ካልሆነልኝ ጊታሬን ሸጬ ወደ ፋርማሲው ሥራዬ ልመለስ ምዬ ነበር። መዝፈኑ አልከበደኝም፤ የከበደኝ «ኑና ስሙኝ» ማለቱ ነው። እርስዎ ያሳደጉን «ጥሩ ጫማ ራሱ ይናገራል» እያሉ ነው። ስልኬ ላይ ግብዣ ጽፌ ስንቴ እንዳጠፋሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ልመና ልመና ይለኛል።

በመጨረሻ አርባ ፖስተር አሳተምኩ። የዱቄት ሙጫ አፍልቼ፣ ሻርፔን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ፣ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ እያየሁ ከሰፈራችን ትምህርት ቤት አጥር እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ለጠፍኩ። በዚያው ቀን ዝናብ ጣለና ጠራርጎ ጭቃ ውስጥ ከተተልኝ። ፌርማታው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ሰው አየኝ አላየኝ አላልኩም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የተረፉኝን ሦስት ይዤ ብሄድ፣ የወደቁት ሁሉ ተመልሰው ተለጥፈዋል። ጭቃቸው ተጠርጓል፤ ጠርዛቸው ቀጥ ተደርጎ ተከርክሟል። ፎቶዬ ላይ ፊቴ ጋ የተቀደደው እንኳ ተጋጥሞ መገጣጠሚያው አይታይም። መንገድ የምትጠርገው ሴትዮ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። አንቺ ልጅ፣ በምን ብትለጥፊው ነው፣ በቢላ ብፍቀው ብፍቀው ጥፍሬ ተሰበረ እንጂ ወረቀትሽስ ወይ ፍንክች አለችኝ። ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። ልጅ ሆኜ ከወንበርዎ ሥር ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን ስሠራ ይሸተኝ የነበረው የጫማ ማስቲሽ ሽታ ነው። ማንንም አልጠየቅኩም።

ሰማንያ ሦስት ሰው መጣ። በር ላይ ከየት ሰማችሁ ሲባሉ ግማሾቹ ከዚያ ከማይላጠው ፖስተር አሉ። ሴትዮዋም መጥታ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታጨበጭብ ነበር። መድረኩ የእኔ ሆኗል፣ አባባ።

ለእርስዎ በሩ አጠገብ አንድ ወንበር አስይዤ ነበር፤ ባዶውን ቀረ። በረኛው ግን አንድ ሽማግሌ እስከ መጨረሻው ዘፈን መስኮቱ ሥር ቆመው ነበር፣ ይግቡ ብላቸው ጫማዬ ጭቃ ነው ብለው እምቢ አሉኝ አለኝ። እኚያን ሰው ምናልባት ካገኟቸው፣ እግዜር ይስጥልኝ ብላለች ይበሉልኝ። በጭቃ ጫማም ይገባል ይበሏቸው።

ስለ እኔ ሁልጊዜ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይሉ ነበር። እውነትዎን ነው። ከማን እንደወረስኩት ነበር ያላወቅኩት።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ እጅዎን አይንሳኝ። የሚመጣውን ወር አርባ ፖስተር እማዬ ጋ አስቀምጫለሁ። ሙጫ አልገዛሁም።

የያዘችውን የማትለቀው ልጅዎ