ጎኑን የሚቀያይር ሄድፎን

ይድረስ ለእህቴ ለእታለም፤

እንደምን ከረምሽ? ባለቤትሽና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ከንዴት በቀር ሌላ በሽታ የለብኝም፤ ተመስገን።

ያናደደኝ ሄድፎን ሻጩ ነው። ሄቪ ሜታል ሙዚቃ የምሰማበት ስለሆነ ድራሙ ጊታሩን እንዳይውጥብኝ ለይቶ የሚያሰማ ስጠኝ አልኩት። መርጦ ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ድምፁን እስከ ጥግ ብከፍተው በቀኝ በኩል ጭጭ። መለስኩለትና ሌላ ሰጠኝ፤ ያም ቀኙ ጭጭ። ሰውየው ራሱ አጥልቆት ጭንቅላቱን እየነቀነቀ፣ "ወንድሜ፣ በሁለቱም በኩል ይጮሃል እኮ" ይለኛል። ዓይን አውጣ።

ትናንት ገልብጬ አጠለቅኩት። ሞተ ያልኩት ቀኙ በግራ ጆሮዬ ሲመጣ አገር ይያዝልኝ አለ፤ ደህና የነበረው ግራው ደግሞ በተራው ዝም። እንዲህ ያለ አስመሳይ ዕቃ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ብየዳ ቤትም ያው ነው። አለቃዬ ዛሬ፣ "ስጠራህ ለምንድነው የምትንቀኝ?" ብሎ ሰው ፊት አዋረደኝ። ብረት መቁረጫው እየጮኸ ማን ይሰማዋል? ሌሎቹ ሰምተናል አሉ፤ እነሱ ማጎብደድ ይወዳሉ። ለዚያ ማሽን የጆሮ መከለያ ግዛልን ብዬ ስንቴ ለምኜዋለሁ፤ ያኔ ያልሰማው እሱ ነው።

እማማ ደህና ናት። እሷም ሰሞኑን ማንሾካሾክ ጀምራለች፤ ስቆጣት ታለቅሳለች።

በይ ሰላም ሁኚልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። ትንሿ ልጅሽ በስልክ የዘፈነችልኝን፣ መስመሩ ስለማይረባ፣ አልሰማሁትም። ግጥሙን ጽፈሽ ላኪልኝ።

ወንድምሽ