የላይቭ ወንፈል

መስከረም 29

መብራት ሲመጣ ሲሄድ ዋለ። አባዬ ፀጉር ቤቱ ውስጥ የአንዱን ሰውዬ ግማሽ ራስ ላጭቶ ሳይጨርስ ማሽኑ ቆመ። ሰውየው ኮፍያውን ደፍቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጠ። ወጥቶ ቢሄድ ፍኖተ ሰላም ሙሉ ይስቅበታል፣ ምን ያድርግ? እኔ ጓዳ ሆኜ አፌን በነጠላ ያዝኩ። ስልኬ እስከ ማምሻው ይቆይልኝ ይሆን? የሚል ጭንቀት ነበረኝ እንጂ ከዚህም በላይ እስቅ ነበር።

ቆየልኝ። ዛሬ የስመኘው ተራ ነው። እኔ የራሴን ላይቭ ዘጋሁ፣ ቻይነሽም መራዊ ላይ የራሷን ዘጋች፣ ተመልካቾቻችንን ይዘን ገባንለት። ስመኘው ቡሬ ተቀምጦ የኳስ ጌም ይጫወታል። ጨዋታውስ ይቅር... ወሬው ግን! ጎል የገባበትን በረኛ "ዝንጀሮ ሲጠብቅ እንቅልፍ የወሰደው ነው" አለው። ሰዉ በሳቅ ሞተ። ነገ የቻይነሽ ተራ ነው፣ ከነገ ወዲያ የእኔ።

ወንፈል የሚለውን ስም ያወጣልን አባዬ ነው። አምና ነገሩን ሳስረዳው "ሰው ይዛችሁ በየተራ አንዱ ማሳ ላይ ትወርዳላችሁ ማለት ነው? ወንፈል ነዋ" ብሎኝ ወደ መቀሱ ተመለሰ። እውነቱን ነው። የምንጫወትበት አፕ ቪዶ ሰው የበዛበትን ላይቭ ወደ ላይ ያወጣል፣ የሌላውን ይቀብራል። ለየብቻችን ብንሆን ማን ያየናል? በየተራ ስንሰበሰብ ግን ሁልጊዜ አንዳችን እንታያለን።

ጥቅምት 4

ከዚንጎ መልእክት መጣ። ቪዶን ካልጣልኩ ብሎ የተነሣው አዲሱ አፕ። መጀመሪያ አጭበርባሪ መሰለኝ። ከዚያ ቴዎድሮስ የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ ደወለ፣ ትሕትናው ልክ የለውም። ጨዋታዬን ሳይሆን አማርኛዬን ነው የወደዱት። በየወሩ ደሞዝ አለው አለ።

ደሞዝ! በአካውንቲንግ ተመርቄ ሁለት ዓመት በየማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆሜ ያላገኘሁትን ቃል ጓዳ ውስጥ በስልክ ሰማሁት።

ግን... እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ሙከራ ነው። እስከዚያ ብዙ ተመልካች ካላመጣሁ ይቀራል። ከፈረምኩ ቪዶ ላይ ላይቭ መግባት የለም። ተመልካቾቼን ወደ ሌላ ሰው ይዞ መሄድም የለም።

ወንፈሉስ?

ጥቅምት 5

አባዬን ምክር ጠየቅሁት። "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም" አለኝ። እሱንማ አውቃለሁ። የትኛው ዛፍ ላይ ልውጣ ነው እኮ የጠየቅሁት...

ጥቅምት 9

መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ሲባል ቡሬ ሄድኩ። በስልክ የሚነገር አልመሰለኝም። መገንጠያው ጋ ጁስ ቤት ተቀመጥን፣ ቻይነሽን በስልክ አስገባናት። ሁሉንም ነገርኳቸው። ወሬኛው ስመኘው ጁሱን በማንኪያ ያማስላል፣ ያማስላል... ያኔ ፈራሁ።

"ሂጅ እንጅ" አለኝ በመጨረሻ። "እስከ ታኅሣሥ እኛ እንወርድልሻለን። ሰው አጥተሽ ትቀሪ?"

በተራዬ ልመልስላቸው እንደማልችል ነገርኩት። ውሉ ይከለክላል።

"መጀመሪያ የደረሰ ማሳ ነው የሚታጨደው። የእኛም ሲደርስ ያን ጊዜ ነው።"

ቻይነሽ "እሽ" አለች። ደረቅ እሽ። ወይስ ኔትወርኩ ነው እንዲያ ያደረቀው?

ጥቅምት 20

ፈረምኩ፣ ዛሬ ዚንጎ ላይ የመጀመሪያ ላይቬ ነበር። መጡልኝ። ሁሉም!

ቪዶ የዚንጎን ስም የጻፈ ሰው ኮሜንቱን ያጠፋበታል፣ ቅናቱ አይጣል ነው። ስመኘው ምን አለ? "ዛሬ ያምሮት ማሳ ላይ ነን፣ መንገዱን ለማያውቅ የሚያውቅ ያሳየው።" ቪዶ ምን ገብቶት ያጥፋው? ሰዉ ተያይዞ መጣ። ቴዎድሮስ ደውሎ "በዚሁ ቀጥይ" አለኝ።

ኅዳር 3

ደሞዝ ገባ። አባዬ የባንኩን መልእክት ሁለት ጊዜ አነበበው። ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሁሉ "ልጄ ሥራ ያዘች" ሲል ዋለ። የምን ሥራ ሲሉት ግን ወሬ ይቀይራል። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም።

ኅዳር 8

በአባዬ ስልክ የስመኘውን ላይቭ ከፈትኩ። በራሴ ስልክ ብገባ ስሜ ይታያል... ፈራሁ።

ሰው የለም። ቀልዱን ይወረውራል፣ የሚመልስለት የለም፣ ራሱ ትንሽ ይስቅና ይቀጥላል። በየምሽቱ እኔ ዘንድ ሲያመሹ የእነሱ ማሳ ጦም አደረ። ተመልካቾቻቸውም ዚንጎን ለመዱት፣ ወደ ቪዶ መመለስ ሰነፉ። ቻይነሽ ከከፈተች ቆየች ይላሉ። ዘጋሁትና ስልኩን ለአባዬ መለስኩ። "ምነው?" አለኝ። ምንም አልኩት።

ኅዳር 17

ዚንጎ ላይቬን አገደው። ልገባ ስል ተዘግቷል ይላል። ለቴዎድሮስ ደወልኩ።

"ተመልካቾችሽ በአንዴ ግር ብለው ይገባሉ፣ በአንዴ ግር ብለው ይወጣሉ። የተገዙ ናቸው ይላል ሲስተሙ።"

ሰው ናቸው አልኩት። ወንፈል ነው። ከዚያ ምን ያዘኝ? ገበሬው እንዴት በየተራ አንዱ ማሳ ላይ እንደሚወርድ፣ እኛም እንዴት እንዳመጣነው፣ ስሙን አባቴ እንዳወጣው... ሁሉንም ተናገርኩ። የተመረቅሁ ቀን እንኳ እንደዚያ አልኮራሁም።

"እሺ፣ የራሳቸውን ዘግተው ሲመጡልሽ እነሱ ምን ያገኛሉ?"

"እኔም በተራዬ እመልስላቸዋለሁ።"

ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ "ያምሮትዬ... ይህንን ባትነግሪኝ ጥሩ ነበር።"

ለካ በነሱ ደንብ ተመልካች በተመልካች መለዋወጥ ከመግዛት አይለይም። ወዳጆቼ ናቸው፣ ከእኔ ምንም አይፈልጉም ብል ኖሮ ያልፍ ነበር። እኔ ግን እንዴት እንዲያ ልበል? መመለሻ ከሌለው ምኑን ወንፈል ሆነ? ስመኘውንና ቻይነሽን እንዳላዋርዳቸው ብዬ የተናገርኩት ቃል ነው እንዲህ ያደረገኝ።

እንዲከፈትልኝ ከፈለግሁ "ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር የለም" ብዬ ልጽፍ ነው። እነሱም እንዳይመጡ ልነግራቸው ነው።

ኅዳር 18

ጻፍኩ። ስመኘው "ጻፊው፣ ወረቀት ነው" አለኝ። ቻይነሽ ስልክ አላነሣችም።

ተከፈተ። ገባሁ፣ ተጫወትኩ፣ ዚንጎ ራሱ ከየትም ያመጣቸው ሰዎች አዩኝ። ማን እንደሆኑ አላውቅም። ማን እንደሆንኩም አያውቁም።

ኅዳር 24

ልቤ ቁጭ አላለም። እዳ ነው። በላይቭ ልመልስ ብል ውል አለ፣ ፊርማ አለ። በምን ልመልስ?

ስመኘው የእናቱ ጤፍ ደርሶ አጫጅ ጠፋ ሲል ሰማሁ። ውሉን እንደገና አነበብኩት። ስለ ማጭድ አንድም ቃል የለውም!

ኅዳር 26

እጄ ስለተላላጠ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሌሊት ተነሥቼ ቡሬ፣ ከቡሬ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። የስመኘው እናት እማማ አስካለ ማርያም ሲያዩኝ ከላይ እስከ ታች ገመገሙኝና ጥፍሬ ላይ ያለውን ቀለም አይተው ማጭድ ሰጡኝ። የፀጉር አስተካካይ ልጅ ነኝ፣ መቁረጥ በዘሬ ነው ብዬ ነበር... ጤፉ ግን ፀጉር አይደለም።

አጫጆቹ በረድፍ ነው የሚሄዱት። እኔ ወደ ኋላ ስቀር ከፊቴ ያለው ጤፍ ሳይታጨድ እንደ ምላስ ወጣ ብሎ ቀረ። ከግራና ከቀኝ ያሉት ሴቶች ምንም ሳይሉኝ ወደ እኔ ገባ እያሉ ድርሻዬን አጠበቡልኝ። ዘወር ብዬ ሳያቸው እርስ በርሳቸው በአገውኛ እያወሩ ነው፣ እንዳላዩኝ ሆኑ።

ስመኘው ይኼን ሲያይ አላስቻለውም። ነዶ እየተሸከመ እንደ ላይቩ ጀመረ። "ያምሮት ከፍኖተ ሰላም ገብታለች... ያምሮት በግራ መስመር... ኧረ ዳኛው የት አለ፣ ጤፉ ጥፋት ሠራባት!" አጫጁ ሁሉ ወገቡን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። ላብ ነው ብዬ ጠረግሁት። ይኼን ሁሉ ሳምንት ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ ሲወረውረው የከረመ ድምፅ ነው እኮ!

ማምሻውን ነዶው ሲከመር እማማ አስካለ ማርያምን ተሰናበትኳቸው። እዳዬን የከፈልኩ መስሎኝ ቀለል ብሎኛል።

"ተባረኪ ልጄ። የዛሬውን እኛም መጥተን እንመልሳለን። ማሳሽ የት ነው?"

እንዳይቸገሩ፣ የስመኘውን ውለታ ልመልስ እንደመጣሁ ነገርኳቸው።

"የእሱን ለእሱ ትመልሽለታለሽ። አጨዳ በአጨዳ ነው። ማሳሽ የት ነው?"

ማሳ የለኝም አልኳቸው። ፈገግ እንኳ አላሉም።

"ማሳ የሌለው ሰው ወንፈል አይገባም። ይኼ ልጅ ያምሮት ዘንድ ልወርድ ነው እያለ ሲከርም ታዲያ የት ነው ሲወርድ የከረመው?"

ስመኘው ማጭዶቹን መሰብሰብ ጀመረ። እኔም።

ታኅሣሥ 2

ማሳሽ የት ነው... ሚኒባስ ውስጥም፣ ስበላም፣ ስጫወትም። ዚንጎ ነው ልበል? ባለፈው በአንድ ቀን ቆለፈው። ቪዶ ነው ልበል? እሱም ሲፈልግ ይቀብራል። ሁለቱ በእኛ ይሻማሉ፣ እኛ ግን አንዱም ጋ ማሳ የለንም። ያለን የሚወርድልን ሰው ነበር። እሱን ነው እኔ በፊርማ ያሰናበትኩት።

ታኅሣሥ 19

የቁልቢ ዕለት። ቪዶ ዚንጎን ሊገዛው ነው የሚል ወሬ አለ። እኛን አለያይተው እነሱ ሊጋቡ?

ታኅሣሥ 30

ቴዎድሮስ ደወለ። ሙከራውን አልፌያለሁ። ለአንድ ዓመት እንፈራረም አለ። ይቅርብኝ አልኩት። ምክንያቱን ሲጠይቅ "ተራ አለብኝ" አልኩት። መቼም አልገባውም። ደህና ሰው ነው፣ መልካሙን ሁሉ ተመኘልኝ።

ለአባዬ መንገር ከበደኝ። ከነገርኩት በኋላ መቀሱን ለረጅም ጊዜ ሲወለውል ቆየ። "ለሰዉ ሁሉ ሥራ ያዘች ብዬ ነበር" አለ። ይኼ ነው ያመመኝ። ወጥቶ ሄደ፣ ሲመለስ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

ጥር 5

ከቀትር በኋላ ቪዶ ላይ ከፈትኩ። ከጥቅምት ጀምሮ እንደተዘጋ ቤት ነው፣ ማንም አያልፍበትም። ለማንም አልተናገርኩም ነበር፣ ለስመኘው ብቻ ትናንት በጽሑፍ "ነገ እከፍታለሁ፣ እንዳትመጣ፣ መጀመሪያ የእናንተን ልመልስ" ብዬዋለሁ። ራሴን ልፈትን ነበር መሰለኝ።

ባዶ። ጨዋታውን ጀመርኩ። እንደ ስመኘው ለራሴ አወራሁ፣ ለራሴ ሳቅሁ። እንዲህ ነው ለካ። ያን ሁሉ ምሽት እንዲህ ነበር ለካ።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ጥጉ ላይ ያለው የተመልካች ቁጥር አንድ ሆነ። የስመኘው ስም ነው። አትምጣ አላልኩህም? ልል ስል ኮሜንት ጻፈ።

"እኔ አይደለሁም፣ እማ ናት። ስልኬን ቀምታኝ ተቀምጣለች። የአጨዳውን ቀን ልመልስ ነው ትላለች። እስኪመሽ አልነሣም ብላለች፣ ስንት ሰዓት ነው የምትጨርሽው?"

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ኳሱን ተቀማሁ፣ ጎል ገባብኝ፣ ግድ አልሰጠኝም። እማማ አስካለ ማርያም የኳስ ጌም ሊያዩ!

ቆይቶ ደግሞ ጻፈ። "ማሳዋ ይኼ ነው ወይ ትላለች። ሣሩ ግሩም ነው፣ ምነው ከብት አይገባበትም ትላለች።"

አዎ በላቸው አልኩ፣ ማሳዬ ይኼ ነው። ድምፄ እየተቆራረጠ ነበር፣ ኔትወርኩ ነው ብለው ይሆናል። እስኪመሽ ተጫወትኩ። አልተነሡም።

ቻይነሽ አልመጣችም። የነገውን ተራ ለእሷ ይዤላታለሁ። ትክፈትም አትክፈትም፣ ቀድሜ ገብቼ እጠብቃታለሁ።