አምስተኛው ዲኮ

ኅዳር 8
የአያቴን ደብተሮች ዛሬ ጀመርኩ። ሰባት ናቸው። አያቴ ወንጌላዊ ነበሩ፤ ሲዳማን በእግራቸው እየዞሩ ያስተምሩ፣ በየደረሱበት ይጽፉ ነበር። ሁለቱን ደብተር ምስጥ ቀምሷቸዋል። አቧራውን በብሩሽ አራግፋለሁ፣ በስልክ አነሳለሁ፣ እተይባለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የአለቆችን ጭረት ሳነብ የኖርኩ ጸሐፊ የአያቴ እጅ ጽሑፍ ያቅተኛል? በወር እጨርሳለሁ።

ኅዳር 15
አያቴ ቀን አይወዱም። ከቤት የወጡበትን ቀን አንዴ ይጽፉና ከዚያ በኋላ በሲዳማ የገበያ ቀኖች ስም ነው የሚቆጥሩት። ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶ፣ ቀዋላንካ... አዲስ ከተማ ሰፈር ያደገች የልጅ ልጅ ይህን ከየት ታውቃለች? ስለዚህ ወደ ቀን እየቀየርኩት ነው። ገበያ በሳምንት አንዴ፤ ሰባት ሰባት መደመር ነው። ጎበዝ ነኝ።

ኅዳር 22
የ1963ቱን ደብተር አገኘሁት!
አክስቴ ብርቅዬ የአባታቸውን ስም አያነሱም። እናታቸው ሲታመሙ መልእክት ተላከ፣ አባት አልመጡም። ሴት አያቴ ጥቅምት 24 ሞቱ። አክስቴ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነበር። የአባታቸውን ፎቶ እንኳ ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል።
ደብተሩ ምን ይላል? ከቤት የወጡት ጥቅምት 2፣ በዲኮ። ከዚያ፦ «በአምስተኛው ዲኮ መልእክተኛ መጣ። ታማለች አለኝ።» ደመርኩ። ጥቅምት 30! ከቀብሩ በኋላ! አያቴ አላወቁም ነበር ማለት ነው። ነገ አክስቴ ጋ ቱላ እሄዳለሁ። መቆየት አልችልም።

ኅዳር 23
«መልእክቱ የደረሳቸው ጥቅምት 30 ነው፣ አክስቴ» አልኳቸው።
ከተቀመጡበት ተነሱ። ከዚያ ሳጥኑን ከፈቱ። ፎቶውን በነጠላቸው ጠርገው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።
«ሃምሳ አምስት ዓመት በከንቱ ቂም ይዤ...» አሉ።
አብረን አለቀስን። ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት።

ኅዳር 30
ቢሮ ጉራዬን ስነዛ ካሌብ ሰማኝ። ጎኔ የሚቀመጠው፣ ሲዳማ ቦና ያደገው ልጅ።
«ሰባት? ዲኮ እኮ በየአራት ቀኑ ነው የሚመለሰው። የሲዳማ ሳምንት አራት ቀን ነው!» ብሎ ሳቀ።
አልሳቅኩም። አራት አራት ደመርኩ። 2... 6... 10... 14... 18።
ጥቅምት 18። ሴት አያቴ ከመሞታቸው ስድስት ቀን በፊት።

ታኅሣሥ 1
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቀጣዩን ገጽ እንኳ ሳላነብ ነው ቱላ የሮጥኩት። ዛሬ አነበብኩት። ቢያንስ አይዋሹም፣ አያቴ።
አሁን ምን ላድርግ? 30ውን እንዳለ ልተወው? ካሌብ ረስቶታል። አክስቴ ዕድሜ ልካቸውን ያላገኙትን ሰላም በኔ ስሕተት አገኙ... መልሼ ልንጠቃቸው?

ታኅሣሥ 2
አይሆንም፣ 30ውን አልተወውም። ሰላም ብዬ የሰጠኋቸው ቀን የራሴ ፈጠራ ነው፤ ደብተሩ ግን የአያቴ ነው።

ታኅሣሥ 6፣ ዴላ (የዛሬውን ገበያ ስም አክስቴን ጠይቄ ነው)
ጠዋት የቀየርኳቸውን ቀኖች በሙሉ አጠፋሁ። ከዚያ በባጃጅ ወደ ቱላ።
«አክስቴ፣ ተሳስቻለሁ። ደብተሩ የሚለው አምስተኛው ዲኮ ነው። ቀኑን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»
በጣታቸው ቆጠሩ። እኔ ማሽን ይዤ የሳትኩትን እሳቸው በአንድ እጅ ጨረሱት።
«አሥራ ስምንት» አሉ። ፊታቸው ጠቆረ። ቀና ብለው ፎቶውን አዩ።
ሊያወርዱት ነው... ቶሎ ብዬ ቀጣዩን ገጽ አነበብኩላቸው፣ አንድ ቃል ሳልነካ፦ «የጥምቀት ተማሪዎቼን ጨርሼ ልሂድ ብዬ ቀረሁ። ስደርስ አፈሯን አገኘሁ። ብርቅዬን ውሃ ስጪኝ ብላት ፊቷን አዞረችብኝ። እውነቷን ነው።»
«እንደሱ ይላል?»
«ይላል።»
«ድገሚው እስቲ።»
ሦስት ጊዜ ደገምኩት።
«አንድ ቀን በአፉ ቢለኝ ኖሮ...» አሉና አልጨረሱትም። ከዚያ፣ «እንደጻፈው ጻፊው። ደግሞ እንዳታስተካክዪው» አሉኝ።
ተነሱ። ወደ ፎቶው ሄዱ። ትንሽ አጋድሎ ነበር። አቀኑትና ተመልሰው ተቀመጡ።