አራት ምን ማለት ነው?

ውድ ኢኽላስ፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ተብዬ ስለተማርኩ ነው። አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኩሽም። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ባይኖረኝ ኖሮ አራት ቀን ሙሉ ወረቀት ላይ ጎንበስ አልልም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ አንድ ዓመቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ፣ የልጄ እኩያ ከሆነች አስተማሪ ነው። እጄ ቀስ ይላል፣ ታገሺኝ።

ክረምቱን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እቤቴ ስትሰበሰቡ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። የልጅ ልጄ ሐዊ፣ አባቷ ግድቡ ላይ ስለሚሠራ፣ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም። ቆይቼ ግን ልብ አልኩ። አንቺ የሰሊጥ ነጋዴው የሻዕባን ልጅ፣ ሕብረት የሰፋሪ ልጅ፣ ኦመር ከመስጊዱ ጀርባ ያለው ቀልደኛ፣ ሐዊ የእኔ። በአንድ ቤት አትጸልዩም፣ በአንድ ቋንቋ አታልሙም። ምን አገናኛችሁ? የቀቀልኩትን ለውዝ ሳቀርብ ዝም ትላላችሁ፤ ስወጣ ሹክሹክታው ይቀጥላል። ዝም የሚል ልጅ ወይ ታሟል ወይ አጥፍቷል። እናንተ ደግሞ ለውዙን ጥርግ አድርጋችሁ ትበሉ ነበር።

ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ አዳመጥኩ።

«እኔ ውኃው ውስጥ አልገባም» አለ ኦመር። «ዋና አልችልም።»

«አሁን ኦመር አይደለህም» አልሽው። «ገመቹ ነህ። ገመቹ ዋና ይችላል።»

«ገመቹ ይችል ይሆናል። የሚሰጥመው ግን እኔ ነኝ።»

«ፈሪ!» አለች ሐዊ። «ራኬብ ትግባ እንግዲህ።»

ሕብረት «እሺ፣ ገባሁ» አለች።

ራኬብ የምትባል ልጅ በቤቴ አልነበረችም። ስሙን የሚቀይር ሰው ከአንድ ነገር ይሸሻል ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ሐዊ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ደብተርሽን ከቦርሳዋ አወጣሁ። ለአባትሽ «ወድቆ አገኘሁት» ያልኩት ውሸት ነው። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «አራቱ አይተዋወቁም ነበር። ወደ አሶሳ የሚሄደው አውቶቡስ መንገድ ላይ ሲበላሽ ተገናኙ። ወንዝ ዳር የቆመችውን ሟች ያዩት እነሱ ብቻ ናቸው። አንዱ ከጎደለ አትታይም።» ቀጥሎ ሁለተኛው ገጽ፦ «ስም፦ ራኬብ። ዕድሜ፦ አሥራ አምስት። የምትፈራው፦ ጥልቅ ውኃ። ምስጢሯ፦ ልጅቷ ስትሰጥም አይታ ዝም ብላለች።» ከሥሩ ደግሞ፦ «የሰጠመችው፦ ዳቡስ ዳር የምትቆም፣ በአንድ እግሯ ብቻ ቢጫ ኮንጎ ጫማ ያደረገች።»

እስኪ ፍረጂኝ። እኔ ያነበብኩት መጽሐፍ ቅዱስ፣ የጤና ጣቢያ ካርድና የቀበሌ ማስታወቂያ ነው። ከእነዚህ አንዱም «እንበልና» ብሎ አይጀምርም። የተጻፈ ሁሉ የሆነ ነገር ይመስለኝ ነበር። ስም አለው፣ ዕድሜ አለው፣ ጥፋት አለው፤ የጥፋት ኑዛዜ ነው ያነበብኩት።

ልጄ ኢልሊን ዳቡስ ወንዝ ከወሰዳት ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት። አሥራ አራት ነበረች። ከዳርቻው ያገኘነው አንድ ቢጫ ኮንጎ ጫማ ነው። ሌላው አብሯት ሄደ። ይህን ባምባሲ ከመጣሁ ጀምሮ ለማንም ሰው አልነገርኩም። ታዲያ አንቺ፣ ያኔ ያልተወለድሽ፣ ሌላኛውን እግሯን ከየት አየሽው?

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቅዳሜ ስትመጡ መጋረጃው ጋ ቆሜ ጠበቅኩ። ሐዊ በዚያች ቀጭን ድምጿ «ሟቿን አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። እናትሽን ይቅር ብለሻታል?» አለች። አንቺ «ጣይ» አልሻት። ከሉዶ የወሰዳችኋት ዳይ ጠረጴዛው ላይ ስትንከባለል ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ታውቂዋለሽ። መጋረጃውን ገነጠልኩ፣ ጠረጴዛውን ገለበጥኩ፣ አንቺን በክንድሽ ይዤ እስከ አባትሽ ሱቅ ወሰድኩሽ። «ሐቦባ፣ ጨዋታ ነው፣ ሐቦባ!» እያልሽ ነበር። አያት ብለሽ ስትጠሪኝ ይበልጥ ተናደድኩ።

አባትሽን «ሙታን ይጠራሉ፤ ሙሉውን አንብቤዋለሁ» አልኩት። «የኔ ቤት ሲሕር፣ ድግምት፣ አይገባም» አለ፤ በሦስተኛው ቀን አክስትሽ ሳሊማ ጋ፣ ሆሞሻ ላከሽ። መስከረም ሲጠባ እዚያው ትምህርት ቤት ትመዘገባለች አሉ።

ሐዊ ለእኔ የምትናገረው «እሺ»ና «የለም» ብቻ ሆነ። በመጨረሻ ያዝኳት።

«ኢልሊን ለዚያች ልጅ ማን ነገራት?»

«ለኢኽላስ የነገርኳት እኔ ነኝ። ከራሴ የፈጠርኳት ሟች ናት አልኳት።»

«ለአንቺስ ማን ነገረሽ?»

«አንቺ ነሻ፣ አኮ።» አኮ በቋንቋችን አያት ማለት ነው።

«መቼ?»

«ጠዋት ጠዋት። ጓሮ ቆመሽ ስትጸልዪ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ጫማውን ሳይቀር ለጌታ ትነግሪዋለሽ። እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው ነው ያደግኩት። አንድ ቀን እንኳ መልስ ሲመጣልሽ ስላልሰማሁ እኔ ልጠይቅልሽ ብዬ ነው።»

ኢኽላስ፣ እኛ ጮክ ብለን ነው የምንጸልየው። ለእግዚአብሔር ብቻ የነገርኩ መስሎኝ ለሃያ ስድስት ዓመት ለአጥር ስነግር ኖርኩ።

ባለፈው ሰኞ አባትሽ ሱቅ ሄድኩ። «ያነበብኩት ሁለት ገጽ ነው» አልኩት። «የእጅ ጽሑፍ ያስቸግረኛል። አልቻልኩም ማለት አፈርኩ።»

«ወላሂ? ሁለት ገጽ ብቻ?» አለ። ከሰሊጥ ጆንያው ጀርባ ደብተርሽን አወጣ። እኔ ያቃጠለው መስሎኝ ነበር። በዚያ ወንድና ሴት በሚያደባልቀው አማርኛው ቀጠለ፦ «እኔ ቁርአን ነው የምቀራው፣ የአማርኛ ጽሑፍ አላውቅም። ደጊቱ ተምሯል፣ ደጊቱ አይዋሽም አልኩ።» ከዚያ በርጩማ ሳበልኝ። «ቁጭ በይ። አሁን ሁሉን አንብብልኝ።»

እየተንተባተብኩ አነበብኩለት። ገመቹ በዓለም ላይ የሚፈራው የአክስቱን ወጥ ብቻ ነው የሚለው ጋ ስንደርስ አባትሽ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን እኔ ቆምኩ። «ሕግ አንድ፦ ይህ ሁሉ የፈጠርነው ነው። የፈራ ሰው እጁን ካነሳ እናቆማለን። ሕግ ሁለት፦ በጓደኛ እውነተኛ ቁስል አንስቅም።» ለካ ሰው ፈጥራችሁ፣ እሱን ሆናችሁ የምትጫወቱት ተረት ነው። አንድ ገጽ ጨምሬ ገልጬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ባምባሲ ነበርሽ።

አባትሽ ደብተሩን ከእጄ ወስዶ ከደነው። «እኔ ትምጣ አልልም፣ አትምጣም አልልም» አለ። «አንቺ ነው ያባረራት፣ አንቺ ጻፍላት። መምጣት ካለች አመጣታለሁ።» ለዚህ ነው የጻፍኩት። የሚያደርስልሽ እሱ ነው፤ ማንበብ ስለማይችል አላሸግኩትም።

ጥርጣሬዬ ግን አለ። ሕግ ሁለትን ስትጽፊ የማን ቁስል ነበር በልብሽ? ሐዊ «የፈጠርኳት ናት» ስትልሽ እውነት አመንሻት? ወይስ ለውዜን እየበላሽ፣ ፊቴን እያየሽ፣ አውቀሽ ዝም አልሽ? አውቀሽ ከነበረ ምን እንደምልሽ ገና አላወቅኩም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ቤቱን ስጠርግ ዳይዋን ከቁም ሣጥኑ ሥር አገኘኋት። ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፣ አራት ታሳያለች። አላነሳኋትም። እንዳትነቃነቅ ኩባያ ደፋሁባት። ሐዊን ስጠይቃት «ዳይ ከመጣሉ በፊት የትኛው ቁጥር ምን እንደሚል ኢኽላስ በልቧ ትወስናለች፤ ከእሷ ሌላ የሚያውቅ የለም» አለችኝ።

በደብዳቤ እንዳትመልሺልኝ። አዝነሽልኝም «አዎ» እንዳትዪ፣ አውቅብሻለሁ። መስከረም ሳይጠባ ነይና አራታችሁም ባላችሁበት፣ ያን ቀን ለአራት ቁጥር በልብሽ የወሰንሽውን መልስ ፊት ለፊት ንገሪኝ። አንዱ ከጎደለ አትታይም ብለሽ የጻፍሽው ራስሽ ነሽ። መጋረጃውን ሰፍቼዋለሁ፤ ከጀርባው አልቆምም። ወንበር ካላችሁ እቀመጣለሁ። ወረቀቴን እንደ እናንተ ሞልቻለሁ፦

ስም፦ ደጊቱ።
ዕድሜ፦ ስልሳ አንድ።
የምትፈራው፦ ኩባያውን ማንሳት።
ምስጢሯ፦ በዚያ ቀን ልጇ «እማ፣ ወንዙ ሞልቷል» አለቻት። እሷ «ሰነፍ፣ ልብሱን ይዘሽ ሂጂ» አለቻት።

ይህ የመጨረሻው ለአጥሩም ተነግሮ አያውቅም።