ሁለተኛው መውጫ

ታዴ፣ የቤቴ ጌታ፣

ካንተ ከተለየሁ ኸምሲኑ፣ ያ የበጋው የአሸዋ ነፋስ፣ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሄደ። ዘንድሮም አሸዋውን ከመስኮቱ ላይ ስጠርግ፣ ከኋላዬ ቆመህ "አንቺ ሴትዮ፣ ነፋስን በመጥረጊያ ያሸነፈ ማን አለ?" ስትለኝ የሰማሁ መሰለኝ። ዞር አልኩ፤ ያው ግድግዳው ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ አልወድም ይላል እንጂ ሌላው ደህና ነው።

የምጽፍልህ ግን ለናፍቆት ብቻ አይደለም። እንዳይሆን ያልከውን አድርጌያለሁ፤ ከሌላ ከምትሰማው ከኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው። እዚህ ማን ይነግረኛል ትል ይሆናል። አንተ ደግሞ ወሬ የማይደርስበት ቦታ ኖረህ አታውቅም። የጓሮውን በር አስከፈትኩት።

ቆይ፣ አትቆጣ። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ከቀብርህ በኋላ ቤቱ ሰፋብኝ። አርባህ ሳይወጣ ጋሽ ተሰማ መጡ፤ እኚያ በምድር ባቡር አብረውህ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ወዳጅህ። ቀን ቀን የተዘጋው ጣቢያ ደጃፍ ተቀምጠው ይውሉ ነበር አሉ። አንድ ሳምንት ልረፍ ብለው ገቡ፤ እስካሁን እያረፉ ነው። ቀጥለው እማማ ዘነበች መጡ። እሳቸው በሰው ቤት እየሠሩ የፈረንጁንም የዐረቡንም ልጅ ሲያሳድጉ ኖረው፣ የመጨረሻዎቹ አሠሪዎቻቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ የቀሩ ናቸው። ከዚያ ወሬው ተሰማና አንዷ ሌላዋን እየጎተተች ሳሎንህ አልጋ በአልጋ ሆነ። ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥ ሥራዬ ሆነ። እኔ እንግዳ ተቀበልኩ እንጂ መጦሪያ ከፈትኩ ብዬ አስቤ አላውቅም።

መንግሥት ግን ለሁሉም ነገር ስም አለው። አንድ ጠዋት ከከተማ ፕላን ቢሮ ፋጡማ የምትባል ኢንጂነር መጣች። ድሬዳዋ አክስቷ ጋ ስላደገች አማርኛዋ የድሬ ነው። "አቦ እትዬ፣ ይሄ ቤት እኮ ፈቃዱ የመኖሪያ ነው፤ አንቺ ደሞ መጦሪያ አርገሽዋል" አለችኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ቁጭ ብላ ደንቡን አስረዳችኝ። መኖሪያ ቤት የአረጋውያን መጦሪያ ሲሆን አዲስ ፈቃድ ይጠይቃል። ለየአልጋው በቂ ቦታ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባ መጸዳጃ፣ የጎረቤት ስምምነት። አንዱን በልመና፣ ሌላውን በጭቅጭቅ እያልኩ ለማሟላት ተነሳሁ። የመጨረሻው ግን ከፊት ለፊቱ በር በተቃራኒ ሁለተኛ መውጫ ይኑር የሚል ነበር። እሳት ቢነሳ ራሳቸውን ችለው የማይሄዱ ሰዎች በአንድ በር ተሯሩጠው አይወጡማ። መውጫው ከሌለ ፈቃድ የለም፣ ፈቃድ ከሌለ ቤቱ ይዘጋል፣ አዛውንቶቹም የመኖሪያ ወረቀት ስለሌላቸው ወደ ሀገራችን ድንበር ይሸኛሉ። እማማ ዘነበች ማን ጋ ነው የሚሸኙት? ድንበሩ ማዶ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው አልቀረም።

ፋጡማ ሳሎኑን ዞር ዞር ብላ አየችና ጣቷን ወደ ጓሮው ግድግዳ ዘረጋች። "እዚህ ጋ ቢሆን ነው የሚያምረው" አለች። ልክ እዚያ ጋ፣ ታዴ። በሩን የደፈንክበትን ልስንህን ታውቀዋለህ፣ ስንጥቅ እንኳ የለውም። ሌላ ቦታ አይሆንም ወይ ብዬ ለመንኳት፤ በግራም በቀኝም የሰው ቤት ተለጥፎብን የት ይሆናል?

ያን በር ማን ይረሳዋል። ታናሽ እህትህ ጽጌ ከወሎ መጥታ እኛ ጋ ስትቀመጥ፣ እዚሁ ሥራ እንፈልግልሽ ብለን ስንቴ ለመንናት። በየመን አድርጌ ሳውዲ ካልገባሁ አለች። እጅህ ላይ ያደገች ልጅ ናትና ፊትህን አይታ መሄድ አልቻለችም። ደላሎቹ ባሕር የሚያሻግረው ጀልባ ወደሚነሳበት ወደ ኦቦክ ሊወስዷት የመጡ ለት ጎህ ሳይቀድ በጓሮው በር ወጣች። ከዚያ ወዲያ ድምጿን የሰማ የለም። ጀልባው ደረሰ ወይም ሰጠመ የሚለን እንኳ አጣን።

ተስፋ ስትቆርጥ ብሎኬት አመጣህ። መጀመሪያ በመንገዱ በኩል ደፈንከው፤ ቀጥለህ ገብተህ በሳሎኑ በኩል ልትደፍነው ተዘጋጀህ። በሩ መሀል ላይ እንደ ተሰቀለ ሊቀር ነው። "ቀርቅሪው" አልከኝ፤ በእጄ ቀረቀርኩት። መወርወሪያው ዝጎ ስለነበር አውራ ጣቴን ላጠኝ። ለሲሚንቶው ውኃ ቀድቼ ስመለስ የታችኛውን ረድፍ ደርድረህ ነበር። "በዚህ በር ከእንግዲህ ሰው አይወጣም፤ ብሞትም እንዳይከፈት" አልክ። እሺ አልኩ። ስሟንም ከዚያ ወዲያ አልጠራህም፤ እኔም አንተን ፈርቼ አልጠራሁም።

አሁን የሚገርመውን ልንገርህ። ስለዚያ በር ላንዱም አዛውንት ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ግን ቀትር ላይ፣ ጫቱ ገብቶ ሰው ለመቃም ሲቀመጥ፣ ሰፈራችን ካርቲዬ ሁለት ጭር ሲል፣ ፍየሎቹ እንኳ ጥላ ሥር ሲወድቁ፣ እማማ ዘነበች ከአልጋቸው ይነሱና እዚያ ግድግዳ ፊት ይቆማሉ። እርጅና ነው ብዬ እጃቸውን ይዤ መለስኳቸው። "ልጅቷ ፀሐይ ላይ ቆማለች እኮ፤ ክፈቱላት እንጂ" አሉኝ። የትኛዋ ልጅ ስላቸው፣ የምታንኳኳዋ አሉ። ሌላ ቀን ዐይናቸው የማያይ አንዲት አሮጊት ያንኑ ቦታ በመዳፋቸው ሲዳብሱ አገኘኋቸው። ጋሽ ተሰማ ጆሯቸው ከደነቆረ ቆይቷል፤ እሳቸው እንኳ ሰዓቱ ሲደርስ አንገታቸውን ወደዚያ ያዞራሉ። ፋጡማ ወደ ዶራሌ ወደብ የሚሄዱት ከባድ መኪኖች ንዝረት ነው አለች። እኔ የማውቀው ግን በዚያ ሰዓት ሾፌሮቹም ጫታቸው ላይ ናቸው። እናትህ ቀትር የሰው ሰዓት አይደለም ሲሉ እስቅባቸው ነበር። አሁን አልስቅም።

ለጎረቤት ስምምነቱ በጓሮው መንገድ ማዶ ወዳለችው ወደ ኸዲጃ ሄድኩ። ሶማልኛዬን ታውቀዋለህ፣ ግማሹ በእጅ ነው። በር ልናወጣ ነው ስላት ደስ አላት። ወላሂ ጥሩ ነው፣ ሽማግሌዎቻችሁ ቀትር ቀትር ግድግዳውን ከውስጥ ሲያንኳኩ ልጆቼ ይፈራሉ አለችኝ። የኛዎቹ ይቆማሉ፣ ይዳብሳሉ እንጂ አንድም ቀን ያንኳኳ የለም። ይኼን ሳልነግራት ተሰናበትኳት። እኛ ከውጭ ነው እንላለን፣ እሷ ከውስጥ ነው ትላለች። በመሀል ያለው ያ በር ብቻ ነው።

እንቅልፍ አጣሁ። ቃሌን ጠብቄ ሰዎቹን ልበትን፣ ወይስ ሰዎቹን ጠብቄ ቃሌን ልብላ? እውነቱን ልንገርህ፣ ተናደድኩብህ። አንተ ከመቃብር ተነስተህ አታገላብጣቸው፤ የምትሄደው ሄዳለች፣ የቀሩት ግን እጄ ላይ ናቸው። በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እንዳይከፈት ያልከው ሰው እንዳይወጣበት ነው እንጂ ሰው አይግባበት አላልክም። እሱን ይዤ ግንበኛ ጠራሁ።

ግንበኛው ሥራ ሲጀምር ፋጡማም ልኩን ልታይ መጣች። እማማ ዘነበች ወንበር አስመጥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ብሎኬቱ ሲወርድ በሩ ታየ፤ ሰማያዊ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። የኔ ዐይን ግን መወርወሪያው ላይ ነበር። ተከፍቷል፣ ታዴ። እስከ ዳር ድረስ ተስቧል። በእጄ የቀረቀርኩት፣ አውራ ጣቴን የላጠኝ።

ግንበኛው "ምን ዓይነት ሰው ነው ሳይቀረቅር የሚደፍነው?" ብሎ ሳቀ። እኔ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ወይ ውኃ ልቀዳ ስሄድ አንተ ነህ የከፈትከው፤ እየተቆጣሃትም፣ እየደፈንክባትም፣ ድንገት ብትመለስ ተቀርቅሮ እንዳታገኘው። ወይ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አልጽፈውም። አንተ ነህ ብዬ አመንኩና አለቀስኩ፤ በቀብርህ ለት ያላለቀስኩትን ያህል። ትዝ ይልሃል፣ ምሳ ስትበላ ወንበርህን ሁልጊዜ እዚያ ግድግዳ ሥር ስበህ፣ ጀርባህን አስደግፈህ ነበር የምትቀመጠው። ግድግዳው ይቀዘቅዝልኛል ትለኝ ነበር። በዚያ ሰዓት ምን ትሰማ እንደነበር አንድም ቀን አልጠየቅኩህም።

የመንገዱ በኩልም ፈረሰና ብርሃን ገባ። ፋጡማ መወርወሪያውን አይታ አስነቅይው አለችኝ። አዛውንቶች ባሉበት ቤት የመውጫ በር አይቀረቀርም፣ በቁልፍም አይዘጋም፤ ደንቡ ነው። ከመንግሥት ደንብ ጋር በሕይወትህ ተስማምተህ የምታውቅ አይመስለኝም፤ በዚህ ግን ቀድመኸዋል። አስነቀልኩት። ፈቃዱም ወጣ፤ ካንተ ፎቶ ሥር ሰቅዬዋለሁ። እማማ ዘነበች የትም አይሄዱም።

ኸዲጃን ስጠይቃት ሽማግሌዎቻችሁ ማንኳኳቱን ትተዋል አለችኝ። እማማ ዘነበችም ቀትር ላይ አይቆሙም፣ ይተኛሉ። ብቻ በዚያች ጠባብ አልጋ ላይ ወደ ግድግዳው ጥግት ብለው፣ ለሌላ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቅቀው ነው የሚተኙት። ይመችዎ፣ መሀል ላይ ይሁኑ ብዬ ላስተካክላቸው ስል እጄን መለሱት። "ተያት፣ ደክሟት ነው የመጣችው" አሉኝ። አንሶላውን ለሁለት ሰው አድርጌ አለበስኳቸው። ሌላ ምን ላድርግ?

ታዴዬ፣ እኔ እስካለሁ አልረሳህም፤ ጽጌንም አልረሳትም። ስሟን እዚህ ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ፣ አንተ ያልጠራኸውን ያህል እኔ እጠራዋለሁ። የጓሮው በር በነፋስ ገርበብ ሲል ተነስቼ አልዘጋውም። አንተም ስትመጣ አታንኳኳ።

አስካለ