የአክስቴን ፍንጭት ሳያስፈቅዱ ለደፈኑት የጥርስ ሐኪም

ለተከበሩ፣ ከዳቦ ቤቱ ማዶ ማዕዘኑ ላይ ላለው የጥርስ ክሊኒክ ባለቤትና ዋና ሐኪም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባልደረቦችዎና ለዚያ ሲዞር ሰፈሩን ሁሉ መንጋጋውን ለሚያስይዘው መቦርቦሪያዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከክሊኒክዎ ቁልቁል ሲወርዱ ከልብስ ሰፊው አጠገብ ያለችው የፎቶ ስቱዲዮ ባለቤት ነኝ። ፎቶ ማንሳት ጥርሴን የነቀልኩበት ሙያ ነው፤ ለነቀላውም የእርስዎ እርዳታ እንዳላስፈለገኝ በትሕትና እገልጻለሁ። ይህን ደብዳቤ በስቱዲዮዬ መስታወት ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ላለማድከም ብዬ ነው። ቢሮዎ ድረስ ብልከው ከሥራዎ ብዛት የተነሳ ሳይነበብ ሊቀር ይችላል፤ እዚህ ከተለጠፈ ግን እርስዎ ባያነቡት እንኳ አንብቦ የሚነግርዎ አያጡም።

ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ለመለያየት ብሞክር እምቢ ስላሉኝ እንደተቃቀፉ አቀርባቸዋለሁ።

1ኛ. በመጀመሪያ ስለ ዓይንዎ አመሰግናለሁ። በኢንተርኔት ላይ ከሞላው ፎቶ ሁሉ መርጠው የእኔን ወስደዋል። ያ ፎቶ የአባቴ እህት የሆነችው አክስቴ በልጇ ሠርግ ላይ ስትስቅ ያነሳሁት ነው። ሚዜው ንግግር ለማድረግ ሲነሳ ወንበሩ ከሱሪው ጋር ተያይዞ አብሮት ተነሳ፤ አክስቴ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ በሙሉ አፏ ሳቀች፤ እኔም ያቺን ቅጽበት ያዝኳት። ፎቶውን ስታየው፣ «ይቺን ስቀይልኝ፤ ከነፍንጭቴ ነው ያማርኩት» ብላ መስታወቴ ላይም ገጼ ላይም ያስወጣችው ራሷ ናት። ለእርስዎ ክፍተት የመሰለዎት ነገር እኛ ዘንድ ፍንጭት ይባላል፤ በልጅነቷ «ይቺን ልጅ ፍንጭቷ ብቻ ያኖራታል» ሲባልላት ያደገች ሴት ናት። ባለቤቷም ቢሆን ገና ስሟን ሳያውቅ ስትስቅ አይቷት ሊያገባት እንደቆረጠ፣ ሳይጠይቁት የሚያወራ ሰው ነው።

እንግዲህ አንድ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ቀና ብል፣ አክስቴ በር አክላ፣ ያውም ሁለት ሆና ተሰቅላለች። በግራ በኩል «ከሕክምና በፊት» ይላል፤ ከነፍንጭቷ። በቀኝ በኩል «ከሕክምና በኋላ» ይላል፤ ፍንጭቷ እንደ ተሰነጠቀ ግድግዳ በኮምፒውተር ተለስኖ። በሙያ ዘመኔ ሐኪም ዘንድ ሳይሄድ የታከመ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ በዚህም ለሕክምናው ዓለም ያበረከቱትን ሳላደንቅ ማለፍ አልችልም።

2ኛ. የስቱዲዮዬ ስም በፎቶው ጥግ ላይ ተጽፎ ነበር። እርስዎ በትክክል በእሱ ላይ የጥርስ ብሩሽ ሥዕል ደርበውበታል። ስሜን ባያዩት ኖሮ ብሩሹን የት እንደሚያጋድሙት ባላወቁ ነበርና፣ ስላስተዋሉኝ አመሰግናለሁ።

3ኛ. ይህኛው ቤተሰባዊ ጉዳይ ስለሆነ ይቅርታ እየጠየቅሁ በጥቂቱ ላስረዝመው። ባለ ዳቦ ቤቷ አክስቴን መንገድ ላይ አግኝታ፣ «እሰይ፣ እንኳን ታከምሽ!» ብላ አቀፈቻት። አክስቴ ምን እንደሆነ ለማየት ማዕዘኑ ድረስ ሄደች፤ ከዚያ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ ስቱዲዮዬ ገብታ ቆመች።

«ሸጥሽኝ?» አለችኝ።

እኔም እንደ እሷው ዛሬ ማየቴ መሆኑን በአባቴ አጥንት ማልኩ።

«ያነሳሽው አንቺ፤ ስምሽን የጻፍሽበት አንቺ፤ ታዲያ ጥርሴ ብቻውን በእግሩ ሄደ?»

ለዚህ ጥያቄ እስካሁን ጥሩ መልስ አላገኘሁም፤ እርስዎ ካለዎት ቢያካፍሉኝ ደስ ይለኛል። ባለቤቷ ደግሞ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ፣ ምሳ ላይ ሰው ሁሉ ባለበት፣ «እስቲ ሳቂ፣ አለች ወይ ልይልሽ» አላት። ቀልዱ ነበር፤ እሷ ግን ከማዕድ ተነሳች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አክስቴ ሳቅ ሲመጣባት አፏን በመዳፏ መሸፈን ጀመረች። የሚስቀው ትከሻዋ ብቻ ሆነ። ክቡርነትዎ፣ ሰው ሲስቅ በማንሳት የምኖር ሴት ነኝና፣ አፏን ሸፍና የምትስቅ አክስት ማየት ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ጊዜ በቁም ነገር ብነግርዎ ይሻላል።

4ኛ. ምን ላድርግ ብዬ ሰው አማከርኩ። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ፣ «ደስ ይበልሽ ልጄ፤ ሥራሽ ባያምር ማን ይሰርቀው ነበር?» አሉኝ፤ የእሳቸው ፎቶዎች በየፀጉር ቤቱ ግድግዳ ሲለጠፉ ኖረው እሳቸው ደስ እንዳላቸው አርጅተዋል። ሕግ የምታጠናው የአጎቴ ልጅ ክሰሺ አለችኝ፤ ነገር ግን ጉዳዩ እልባት እስኪያገኝ አክስቴ ለራሷ ጥርስ ላይቀራት ይችላል ብዬ ፈራሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጥቁር ቀለም አለኝ፤ መሰላሉን ደግሞ አንቺ አታጪም» አለኝ። ሦስቱንም አመስግኜ፣ አፍ የተሰጠን መጀመሪያ ለመጠየቅ ነው በማለት ወደ እርስዎ መጣሁ።

በመልካም ፊት ነው የተቀበሉኝ፤ ይህን አልክድም። «እህቴ፣ እኛ ከኢንተርኔት ላይ ነው ያገኘነው፤ ኢንተርኔት ላይ ያለ ነገር ደግሞ ባለቤት የለውም» አሉኝ። በዚህ አነጋገር መንገድ ዳር የቆመ ነገር ሁሉ የማንም አይደለም ማለት ነው ብዬ፣ ስወጣ በር ላይ የቆመችውን መኪናዎን በአዲስ ዓይን ማየቴን አልደብቅም። ለካሣም ያህል ሁለት ነገር አቀረቡልኝ፦ አንደኛው ለእኔና ለአክስቴ ነፃ የጥርስ እጥበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ስሜን ከፎቶው ሥር ማስጻፍ ነበር። ስሜ የሚጻፍበት ቦታ የት እንደሆነ ስጠይቅ በጣትዎ አሳዩኝ፤ «ከሕክምና በፊት» ከሚለው ሥር ነበር። እኔ የጠየቅኩት ግን ፎቶው እንዲወርድና አክስቴን ይቅርታ እንዲሉልኝ ብቻ ነበር። «እስቲ እናየዋለን» ብለው የሚቀጥለውን ታካሚ ጠሩ። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ የሰው ጥርስ እንደሚያደምቅ ግን እርስዎ አስተምረውናል።

5ኛ. አምስተኛው ቅሬታ የእኔ ሳይሆን የእርስዎ እንደሚሆን እገምታለሁ። ወደ አክስቴ ተመልሼ የሆነውን ስነግራት፣ እስከ እጥበቱ ድረስ ሰማችኝ። እጥበቱ ላይ ስደርስ፣ «ቆሽሿል አለኝ?» አለች። በማግስቱ በርጩማዋንና የጀመረችውን ሹራብ ይዛ መጥታ ከማስታወቂያዎ ሥር ተቀመጠች። ደህና አደርሽ ላላት ሁሉ ፈገግ ትልለታለች፤ መዳፏንም ፊቷ ላይ አላየሁትም። ሰው ከላይ ሁለቱን ያይና ከታች ሦስተኛዋን አይቶ ይቆማል። ጉንጩ ያበጠ አንድ ሰውዬ ወደ ውስጥ ሊገባ ሲል ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ሲታከሙ በጣም አመመዎት?» አላት።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ ገብቼ አላውቅም» አለችው ሹራቧን ሳታቋርጥ።

ሰውዬው ጉንጩን እንደያዘ ወደ ላይ አየ፤ ወደ ታች አየ፤ ከዚያ ሄደ። ከእሱ በኋላም የሄዱ ነበሩ። እንግዳ ተቀባይዎ ልታስነሳት ወጥታ አጠገቧ ቆማ ሳቋን ስትታገል፣ እኔ ካሜራዬን አንጠልጥዬ ከማዶ ነበርኩ። በመጨረሻ ነጭ ጋዎንዎን እንደለበሱ ራስዎ ወጡ።

«እናቴ፣ ምን ልታዘዝ?» አሉ፤ ድምፅዎ ሰው በተሰበሰበበት እንዴት ይጣፍጣል!

«ፍንጭቴን መልስልኝ» አለችዎ።

ሊያስረዷት ሞከሩ፤ ማስታወቂያ መሆኑን፣ ማንንም ለማስከፋት አለመሆኑን፣ የኮምፒውተሩን ሥራ የሠራው ሌላ ሰው መሆኑን። አክስቴ እስኪጨርሱ ጠብቃ፣ «እኔ እኮ አልታመምኩም ልጄ» አለችዎ፤ እንደዚህ ስትል ስድብም ቁጣም አልነበራትም። ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። እርስዎም ቀና ብለው ፎቶውን አዩት፤ ምናልባትም ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ መሰላል አስመጡ።

ማስታወቂያው ሲወርድ አክስቴን አንድ ፎቶ ላንሳሽ ወይ ብዬ አስፈቀድኳት። «ፀጉሬን ላስተካክል» ብላ አስጠበቀችኝ፤ መሰላሉ ላይ ያለው ሠራተኛ ፊቷን በጀርባው ተሸክሞ ሲንገዳገድ አይታ ሳቀች፤ በሙሉ አፏ። ለክሊኒክዎ ደንበኞች ማስታወቂያው «ለእድሳት» መውረዱን እንደተናገሩ ሰምቻለሁ። እኔም እውነትን ማደስ ክፉ ሥራ አይደለም እላለሁ።

የሙያ ባልደረቦቼ ይህን መስታወት ካነበባችሁ ምክሬ አጭር ነው። ዋናውን ፎቶ አትጣሉ። መጀመሪያ በጨዋ ደንብ ጠይቁ። ባይሆንላችሁ ከመክሰሳችሁም ቀለም ከመበጥበጣችሁም በፊት የፊቱን ባለቤት ጠይቋት፤ እኛ የተሰረቀብን ሥራችን ነው፤ እሷ ግን የተሰረቀባት ፊቷ ነው።

ይቅርታው እስካሁን አልደረሰንም። መንገድ ላይ ነው ብለን እናምናለን፤ የአክስቴን ቤት ያጣ እንደሆነ ዳቦ ቤት ቢጠይቅ ያሳዩታል።

ለክሊኒክዎ ዕድገትን፣ ለእጅዎ ቅንነትን፣ ለግድግዳዎ የራሱን ፎቶ እየተመኘሁ፣ ከማይነቃነቅ አክብሮት ጋር፣

ጎረቤትዎ ፎቶ አንሺ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት የሰቀሉትን አዲሱን ማስታወቂያ አይቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። እነዚያን ነጫጭ ጥርሶች ያሏቸውን ጎልማሳ ሰውም ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። ምናልባት ካላወቋቸው ላስተዋውቅዎ፦ ከመንገዱ ማዶ ክሊኒክ የከፈቱት ሌላኛው የጥርስ ሐኪም ናቸው። ዛሬ ጠዋት ታካሚዎችዎ «በማስታወቂያው ላይ ያሉት ዶክተር የታሉ?» እያሉ ሲጠይቁ፣ እንግዳ ተቀባይዎ በጣቷ ስታሻግራቸው አየኋት።