የወንድሜ ፊርማ

ደባርቅ፣ ማክሰኞ ኅዳር ፱

ለአዲሱ ፓርቲያችን የመሥራች አባላትን ፊርማ ማሰባሰብ ከጀመርኩ ወር አለፈኝ። ፊርማው ካልሞላ ምርጫ ቦርድ አይመዘግበንም። ዛሬ ዳባት፣ ታላቅ ወንድሜ አያሌው ቤት ሄድኩ። መጀመሪያ የፈረመልኝ እሱ ነበር።

ምሳ አብልቶኝ ሲያበቃ፣ «ስሜን ሰርዝልኝ፤ ልጄ ከሥራዋ እንዳትባረር ፈራሁ» አለኝ።

«ማን ምን አለህ፣ ጋሼ?»

«ማንም ምንም አላለኝም። ብቻ ፈራሁ።»

እያየኝ ሰረዝኩት። አልተቆጣሁም።

ሁልጊዜ መኪና እስክይዝ ድረስ አብሮኝ ይቆም ነበር። ዛሬ ከደጁ አልወጣም። ከእኔ ጋር መታየቱን ፈርቶ ይሆን? ሰው በሞላበት ሚኒባስ ደባርቅ ገባሁ።

ነገ ቡይት ራስ ያሉ ገበሬዎችን ላስፈርም ቀጥሬያለሁ። ወንድምህስ ፈርሟል ወይ ቢሉኝ ምን እንደምላቸው አላውቅም።